ቻርጀሩን ሳይሆን ገመዱን ቀይሩ

ዱባይ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት በከንቱ ብር አውጥቻለሁ። ከአዲስ አበባ ይዤው የመጣሁት ላፕቶፕ ስፒናው ክብ ባለ ሁለት እግር ነው። የቤቱ ሶኬት ግን የእንግሊዝ ዓይነት፣ ጠፍጣፋ ባለ ሦስት ቀዳዳ። አንድ ሱቅ ገብቼ ባሳየው ሻጩ "ይሄ እዚህ አገር አይሠራም" አለኝ፤ እኔም አምኜው ሙሉ ቻርጀር ገዛሁ። ለካ የሚያስፈልገኝ ገመድ ብቻ ነበር!

የላፕቶፕ ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቦታ ይለያያል። አንዱ መሀል ላይ ያለው ጥቁር ሳጥን ነው፣ ሌላው ከሳጥኑ ወደ ግድግዳው የሚሄደው ገመድ። ገመዱን ከሳጥኑ ንቀሉትና ጫፉን እዩት። ሦስት ቀዳዳ ተጠጋግቶ የሚኪ ማውስን ጭንቅላት ከመሰለ፣ ወይም ስምንት ቁጥር ከመሰለ፣ ያ ጫፍ የትም አገር ያው ነው። ስለዚህ በዚያ በኩል ተመሳሳይ፣ በዚህ በኩል ደግሞ የምትኖሩበት አገር ስፒና ያለው ገመድ ግዙና ሰኩት፣ አለቀ። ዋጋው ከቻርጀር ጋር አይወዳደርም፤ ሶኬት ላይ ተንጠልጥሎ ከሚወዛወዝ መቀየሪያም ይሻላል።

መጀመሪያ ግን ሳጥኑን ገልብጣችሁ አንብቡ። ጽሑፉ ደቃቅ ስለሆነ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አጉሉት። "ኢንፑት" የሚለው ጋ ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ ካለ ኢትዮጵያ በ220፣ አሜሪካ በ120፣ ኤምሬትስ በ230 ቮልት ይሠራል። ትራንስፎርመር ግዙ የሚላችሁን አትስሙ። (ይሄ ለላፕቶፕ ነው እንጂ ከአሜሪካ የመጣ፣ 120 ቮልት ብቻ የተጻፈበት ፀጉር ማድረቂያ ወይም ካውያ አገር ቤት ከሰካችሁት ይቃጠላል።)

አንድ መጥፎ ልማድ አለን። የእንግሊዙ ሶኬት የታችኞቹ ሁለት ቀዳዳዎች መዝጊያ አላቸው፣ የሚከፍተውም የላይኛው እግር ነው። እኛ ታዲያ ላይኛው ቀዳዳ ውስጥ እስክሪብቶ ከተን ክቡን ስፒና በግድ እናስገባለን። እኔም ወር ሙሉ አድርጌዋለሁ። እግሩ በደንብ ስለማይነካ ይሞቃል፣ ብልጭ ይላል፤ እንግሊዙ ስፒና ውስጥ ያለው ፊውዝም በክቡ ውስጥ የለም። ተዉት።

ሳጥኑ ራሱ ከሞተስ? ያኔ "አውትፑት" የሚለውን ታያላችሁ። ቮልቱ ከድሮው ጋር እኩል መሆን አለበት፣ አምፒሩ እኩል ወይም የበለጠ። ለምሳሌ 19.5 ቮልት በ3.34 አምፒር ስታባዙት 65 ዋት ገደማ ነው። በእሱ ፋንታ ባለ 4.62 አምፒር፣ ማለትም 90 ዋቱን ብትሰኩ ችግር የለም፣ ላፕቶፑ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ነው የሚወስደው። ባለ 45 ዋት ከሆነ ግን ወይ ቀስ ብሎ ይሞላል፣ ወይ እየሠራችሁበት ባትሪው ይወርዳል። የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባትን ትንሽ ስዕልም አመሳስሉ። ሱቅ ስትሄዱ ላፕቶፑን ይዛችሁ ሂዱ፤ ጫፉን በዓይን ለክቶ መግዛት ያታልላል። ዴል ላይ ደግሞ ጫፉ መሀል ያለችው ቀጭን መርፌ ለላፕቶፑ የቻርጀሩን ዋት ትነግረዋለች፤ አስመስሎ የተሠራው ይህን ካልነገረው ማሽኑ ይበራል፣ ባትሪው ግን አይሞላም።

ላፕቶፓችሁ በዩኤስቢ ሲ (የአዳዲስ ስልኮች ዓይነት ትንሽ ሞላላ ቀዳዳ) የሚሞላ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ፣ በቂ ዋት ያለው የሌላ ድርጅት ቻርጀርም ይሆናችኋል። ቀዳዳው ስላለ ብቻ ግን ይሞላል ማለት አይደለም፤ አጠገቡ የመብረቅ ወይም የባትሪ ምልክት ፈልጉ። ገመዱንም አትናቁት፦ ተራው የሚችለው እስከ 60 ዋት ነው፣ ከዚያ በላይ ባለ 5 አምፒር የተባለውን ጠይቁ። የአውሮፓ ኅብረት ከሚያዝያ 2026 (እንደ ፈረንጆቹ) ጀምሮ የሚሸጡ አዳዲስ ላፕቶፖች በዩኤስቢ ሲ እንዲሞሉ ደንግጓል።

አዲሱን ገመድ ስትገዙ የድሮውን ባለ ክብ ስፒና አትጣሉት። ሻንጣ ውስጥ ወርውሩት፣ ለዕረፍት አዲስ አበባ ስትገቡ የምትሰኩት እሱን ነው።