ማይኩን ፒያኖው ሆድ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት

የመጀመሪያው ቀረጻዬ ገና በወጉ ሳይጀመር ነው ያበቃው። የማይክ ስታንዱን ረጅም ክንድ በፒያኖው ጎን አስገባሁ። ማይኩን ከክሮቹ በላይ አንጠለጠልኩና ታናሽ ወንድሜን «በል ትዝታን ጀምር» አልኩት። አንድ ዙር ሳይጨርስ ስታንዱ ቀስ እያለ ዘመመ፤ ማይኩም ሄዶ የባስ ክሮቹ ላይ ተጋደመ። ደግነቱ ክር አልተበጠሰም፣ ማይኩም ተርፏል። እኔ ግን ያን ዕለት ሌላ ነገር አልቀዳሁም።

ቤት ውስጥ ግራንድ ፒያኖ ለምትቀዱ የምነግራችሁ ስህተት ሁሉ እኔው ራሴ የሠራሁት ነው። ማይኩ ለምን ውስጥ ይገባል ካላችሁ፣ ምክንያቱ ሳሎናችን ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ግድግዳው ቅርብ የሆነ ክፍል ውስጥ ማይኩን ሁለት ሜትር ብናርቀው ከፒያኖው እኩል ክፍሉን ይቀዳል። ስለዚህ ወደን ሳይሆን ተገደን ነው የምንጠጋው። ችግሮቹም የሚመጡት ከዚሁ መጠጋት ነው።

ስታንዱን ማመን

ክንዱ በረዘመ ቁጥር ስታንዱ ወደ ፊት መውደቅ ይፈልጋል። ከሦስቱ እግሮች አንዱ ክንዱ በዘረጋበት አቅጣጫ መሆን አለበት። ከኋላ ባሉት እግሮች ላይ ደግሞ ክብደት ጫኑ። እኔ የምጠቀመው አምስት ኪሎ የጤፍ ዱቄት ነው፤ ከቀረጻው በኋላ ወደ ማድ ቤት ይመለሳል። ክዳኑን ጨርሶ ማንሳት ከፈለጋችሁም ብቻችሁን አትሞክሩ። ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው።

ያገኙትን ነገር ያገኙበት ቦታ ላይ መለጠፍ

ፕላስተር ቫርኒሽ ላይ አይለጠፍም። ክር ላይማ በፍጹም። ሲላጥ የሚተወው ሙጫ የባስ ክሮቹ ላይ በተጠመጠመው መዳብ መሀል ከገባ ማውጣቱ ጣጣ ነው። ከክሮቹ ሥር ያለው ሰፊ ጣውላም መደርደሪያ አይደለም፤ የፒያኖው ድምፅ የሚወጣው እሱ ሲርገበገብ ነው። ማግኔት ያለው መያዣ ካላችሁ የብረት ፍሬሙ ላይ ይይዛል፤ ግን ፍሬሙም ይንቀጠቀጣል። መሀላቸው ጎማ ወይም ወፈር ያለ ጨርቅ ከሌለ እያንዳንዱ የፔዳል ርግጫ «ዱም» እያለ ይገባል። ክሮቹን ደግሞ በባዶ እጅ አትንኩ፤ የእጅ ላብ ያዝጋቸዋል።

መዶሻዎቹ አናት ላይ መቆም

ብዙ ሰው መጀመሪያ ማይኩን የሚወስደው መዶሻዎቹ ክሮቹን ወደሚመቱበት ቦታ ነው፤ እንቅስቃሴው ስለሚታይ ይስባል። የምታገኙት ግን ጥርት ያለ፣ ደረቅ፣ «ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ነው። ከባንድ ጋር ለሚጫወት ሰው ይህ ሊጠቅም ይችላል፤ ከበሮና ባስ ጊታር መሀል ሰንጥቆ ይወጣል። ብቻውን ለሚጫወት፣ በተለይ እንደ ትዝታ ላለ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ዜማ፣ አይሆንም። ማይኩን አንድ ሁለት ስንዝር ወደ ፒያኖው ጅራት ሳቡት፤ ድምፁ ይለሰልሳል። ከክሮቹ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ በታች ከወረዳችሁ ማይኩ የሚሰማው ከፊቱ ያሉትን ጥቂት ክሮች ብቻ ነው። አንዱ ኖታ ይጮኻል፣ ጎረቤቱ ይጠፋል፤ ተጫዋቹም ያላጠፋውን ጥፋት ይወቀሳል።

ሁለት ማይክ እርስ በርስ ሲጣሉ

እኔን ብዙ ያደከመኝ ይሄ ነው። አንድ ማይክ ለባስ፣ አንድ ለቀጫጭኖቹ ክሮች አድርጌ ቀዳሁ። በሄድፎን ስሰማው ሰፊና የሚያምር ነበር። ለእናቴ በስልኬ ሳሰማት ግን የፒያኖው መሀል የለም! «ምነው ከጉድጓድ ይመጣል?» አለችኝ። እውነቷን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድምፅ በአንድ ሚሊሰከንድ 34 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል። አንድ ኖታ አንዱን ማይክ ከደረሰ በኋላ ሌላውን ለመድረስ 34 ሴንቲ ሜትር ተጨማሪ ከሄደ አንድ ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ይገባል። ለ500 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 500 ጊዜ ለሚርገበገብ ድምፅ፣ ይህ የግማሽ ሞገድ መዘግየት ነው፤ አንዱ ወደ ላይ ሲገፋ ሌላው ወደ ታች ይስባል። ሁለቱን ስትደምሯቸው ይጣፋሉ። 500 ኸርዝ ደግሞ ከመሀለኛው ዶ በላይ ያለው ሲ አካባቢ ነው፤ ዜማው የሚመላለስበት ሰፈር። ስልክ ሁለቱን ቻናል ወደ አንድ ሲያመጣ የተጣፋው ይሄ ነው።

ሁለት መፍትሔ አለው። የመጀመሪያው ማይኮቹን ማራራቅ ነው። በመሀላቸው ያለው ርቀት ከክሮቹ ካላቸው ርቀት ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይሁን፤ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ከሆኑ 60 ሴንቲ ሜትር ይራራቁ። ሁለተኛው ተቃራኒው ነው፤ የሁለቱን ማይክ ጭንቅላት አንድ ቦታ ላይ አነባብሮ በ90 ዲግሪ ማዞር። ያኔ ድምፁ ሁለቱም ጋ እኩል ይደርሳል። ስፋቱ ይቀንሳል፣ ግን ምንም አይጠፋም። ትንሽ ፒያኖ ላለው ሰው እኔ ይሄኛውን እመርጣለሁ። የትኛውንም ብትመርጡ፣ ማይኮቹን ከማሰራችሁ በፊት አንዴ ሞኖ አድርጋችሁ፣ ማለትም ሁለቱን ቻናል ወደ አንድ አምጥታችሁ፣ ስሙ።

ክዳኑን መዝጋት

ጎረቤት እንዳይረበሽ ብለን ክዳኑን እንዘጋና ማይኩን ውስጥ እናፍነዋለን። ድምፁ ከክዳኑ እየነጠረ ተመልሶ ማይኩ ላይ ይደራረባል፤ ሳጥን ሳጥን ይላል። ቢያንስ በአጭሩ ድጋፍ ክፈቱት። በረጅሙ ከሆነ ደግሞ የተሻለ።

ጌኑን ብዙ መክፈት

አጭር ነው። ጌን ማለት ከማይኩ የሚገባውን ድምፅ ከፍና ዝቅ የምታደርጉበት ነው። ተጫዋቹ ከሁሉም የሚጮኸውን ክፍል ይጫወት፤ የድምፅ መለኪያው ላይ ጫፉ ከዜሮ በታች 12 ዲሲቤል አካባቢ ይቁም። ዝቅ ያለውንም ድምፅ በጥራት በሚይዘው በ24 ቢት እየቀዳችሁ ከዚያ በላይ መግፋት ትርፉ መሰነጣጠቅ ነው። ለመሥራት ኤሌክትሪክ የሚፈልገው ኮንደንሰር ማይክ ከሆነ ኃይሉን የሚልክለትን የ48 ቮልት ቁልፍ አትርሱ። (አንድ ሰዓት ሙሉ «ማይኩ ተበላሽቷል» እያለ ኬብል ሲቀያይር የዋለ ሰው አውቃለሁ። ወንድሜ ይህን ካነበበ ማን እንደሆነ ይነግራችኋል።)

ፒያኖውን ሳያስቃኙ መጀመር

ከመሀል ጀምሮ ወደ ላይ እያንዳንዱ ኖታ ሦስት ክር አለው። ሦስቱ ትንሽ ከተለያዩ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ላይሰማችሁ ይችላል፤ ክሮቹ አጠገብ ያለው ማይክ ግን አይምርም። የሚንቋቋ ወንበርና የሚጮህ ፔዳልም እንደዚሁ ናቸው። ፍሪጁንም ንቀሉት። የወፍ ድምፅ ግን ባይጠፋም አልቆጣም። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ አዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት ሆነው በካሴት የቀዷቸው ዘፈኖች ላይ ወፎች ይሰማሉ፤ ማንም ቅር ሲለው አልሰማሁም።

ቦታውን ሳይመዘግቡ ማንሳት

ቅዳሜ ግማሹን ቀዳን፣ እሑድ ቀሪውን። ማይኮቹን እዚያው ቦታ የመለስኳቸው መስሎኝ ነበር። ስገጣጥመው ሁለት የተለያየ ፒያኖ ሆኖ አረፈው። ሦስት ጣት የምታህል ልዩነት ይህን ታደርጋለች። አሁን ማይኩን ከማንሳቴ በፊት ከክሩና ከጠርዙ ያለውን ርቀት በሜትር እለካለሁ፣ ከዚያ ከላይም ከጎንም ፎቶ አነሳለሁ። ስልኬ ውስጥ ከልጆቼ ፎቶ የፒያኖ ሆድ ፎቶ ይበዛል።