ድሩይድን ከደን ወደ ጠፈር ጣቢያ ማሻገር

በዳይስና በምናብ በሚካሄድ የሚና ጨዋታ ተጫዋቹ የገጸ ባሕርይውን ሙያ፣ ማለትም ክላሱን ይመርጣል፤ ድሩይድ በተፈጥሮ ኃይል ድግምት የሚሠራ ክላስ ነው። በጠፈር የሚካሄድ ዘመቻ (ተከታታይ ጨዋታ) ሊጀመር ሲል ድሩይድ የያዘ ተጫዋች ብዙ ጊዜ «ክላስ ቀይር» ይባላል። መቀየር አያስፈልገውም። ድሩይድ ማለት ቅጠልና አውሬ አይደለም፤ ሕይወት ላለው አንድ ነገር ቃል የገባ፣ ስለ ቃሉም የማያደርገው ነገር ያለው ሰው ነው። ስለዚህ ከድግምቱ በፊት ግዝቱን አሻግሩ። ግዝቱ ከቀረ እጃችሁ ላይ የሚቀረው ድግምት የሚሠራ መካኒክ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለው የሚና ጨዋታ 5ኛ እትም፣ እ.ኤ.አ. የ2014ቱ ደንብ ናቸው።)

መጀመሪያ የሚጠብቀውን ነገር ምረጡ። «ተፈጥሮ» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ስም፣ ቦታና ጠላት ያለው ይሁን። ጅማ ውስጥ ለሚጫወት ሰው ምሳሌው ሩቅ አይደለም፦ ከበለጤ ጌራ ደን በተወሰደ ዘር የለማ ጣቢያ። ከላይ ሰሳና ዋንዛ፣ ከጥላቸው ሥር ቡና፣ ከቡናው ሥር ኮረሪማ። የጣቢያው አየር የሚጣራው በዚህ ደን ስለሆነ ዛፉ ሲደርቅ ሰዉም ይታፈናል። ድሩይዱን ግን «ቃሉ» ብላችሁ አትሰይሙት። ቃሉ አማኞች ያሉት የኦሮሞ ባህላዊ እምነት መሪ እንጂ የጨዋታ ክላስ አይደለም።

ቀጥሎ ግዝቱ። ደንቡ ድሩይድ የብረት ጥሩር አይለብስም ይላል። ወለሉም በሩም ብረት በሆነበት የጠፈር መርከብ ይህ ቃል በቃል ሲወሰድ ተጫዋቹን ያሳስቃል። የግዝቱ ሥራ ግን የድሩይዱ መከላከያ ከተዋጊው እኩል እንዳይሆን ማድረግ ነው። ያንን ሚዛን ጠብቁና ክልከላውን በሞተር ወደሚንቀሳቀስ ጥሩርና በሰውነት ውስጥ ወደሚቀበር መሣሪያ አዙሩት። በዚህ ላይ ታሪክ የሚወልድ ሁለተኛ ግዝት ጨምሩ፦ ከአንድ እናት ብቻ የተባዛ ዘር በጣቢያው እንዲተከል አይፈቅድም።

ይህ ግዝት ከአገራችን የቡና ታሪክ ጋር ይገጥማል። ሲቢዲ የተባለው የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 ኢትዮጵያ ውስጥ ሲታይ መድኃኒቱ የተገኘው በሽታውን ከቻሉ የአገሩ ዛፎች ነው። ዛሬ አርሶ አደሩ በቁጥር የሚጠራቸው 74110 እና 74112 እ.ኤ.አ. በ1974 ከመቱ አካባቢ፣ ከቢሻሪ ከተሰበሰቡት የተመረጡ ናቸው፤ 74 ዓመቱን ያመለክታል። ደኑ ዓይነቱ ብዙ ስለነበረ የሚመረጥ ተገኘ። ጣቢያችሁ ላይ አንድ ዓይነት ቡና ብቻ ይተከል፣ በሽታ ይግባ፣ ድሩይዱ የደበቀው የጫካ ዘር ይፈለግ፤ ሦስት ሳምንት የሚያጫውት ታሪክ አላችሁ።

አሁን ወደ ችሎታዎቹ ሂዱ። አንድ ወረቀት ለሦስት ከፍላችሁ ውጤቱን፣ መልኩንና ገደቡን ጻፉ። ዳይሱንና ርቀቱን ሳትነኩ መልኩን ብቻ ለውጡ፤ ገደቡን የምትነኩት አዲሱ ዓለም ትርጉም ሲያሳጣው ነው።

የሚበላ ፍሬ የሚፈጥረው ድግምት፣ ጉድቤሪ፣ አሥር ቀይ የቡና ፍሬ ይሁን። እያንዳንዱ 1 የሕይወት ነጥብ ይመልሳል፣ ለአንድ ቀን ያጠግባል፣ በ24 ሰዓት ይበላሻል። ችግሩ ስንቅ የሚቆጠርበት ዘመቻ ላይ ረሃብን ጨርሶ ማጥፋቱ ነው። ለአንድ ድግምት ከጣቢያው ማጠራቀሚያ አንድ ሊትር ውኃ ይጠይቅ፤ ያኔ ፍሬው ነጻ መሆኑ ይቀራል።

ጠላትን ጠፍሮ የሚይዘው ድግምት፣ ኢንታንግል፣ ወለሉን ሰንጥቆ የሚወጣ ሥር ነው። ስፋቱ 6 በ6 ሜትር ገደማ ስለሆነ 3 ሜትር በማይሞላ ኮሪደር ውስጥ መንገዱን በሙሉ ይዘጋል። ድግምቱን አታዳክሙት፤ ካርታውን አስተካክሉ፣ ውጊያ ለሚካሄድበት ክፍል ሁሉ ቢያንስ ሁለት መውጫ ስጡ። ከደመና መብረቅ የሚያወርደው ኮል ላይትኒንግ ደግሞ ተቃራኒ ነው፤ ደመናው የማይበቃው ክፍል ውስጥ ጨርሶ አይሠራም፣ መርከብ ውስጥ ማለት ይቻላል መቼም። ደመናውን በዋና የኤሌክትሪክ መስመር ተኩት፤ የጉዳቱ መጠን፣ ባለ 10 ጎን 3 ዳይስ፣ እንዳለ ይቆይ። በማዕበል ጊዜ የሚጨመረውን አንድ ዳይስ የኃይል ማመንጫው በሙሉ አቅሙ ሲሠራ ስጡት።

ብዙ የጨዋታ ቡድን የሚበላሸው ዋይልድ ሼፕ ላይ፣ ድሩይዱ ወደ አውሬ በሚለወጥበት ችሎታ ላይ ነው። በደንቡ ከሌቭል 2 ጀምሮ በእረፍቶች መካከል ሁለት ጊዜ ይቻላል፤ መዋኘት በሌቭል 4፣ መብረር በሌቭል 8 ይፈቀዳል። መብረር የዘገየው ግድግዳና ገደል የሚባለውን መሰናክል ሁሉ ስለሚያልፍ ነው። ስበት በሌለበት ግን ሁሉም ሰው ይንሳፈፋል፤ ገደቡ ባዶ ቃል ይሆናል። የዚያን ዓለም እውነተኛ መሰናክል ፈልጉ፦ ጠፈር ላይ ያለ ልብስ መቆየት፣ በአየር ቧንቧ ሾልኮ መግባት፣ የተቆለፈ ኔትዎርክ ውስጥ መግባት። እነዚህን ወደ ሌቭል 8 ውሰዱ።

ሁለተኛው ስህተት የድሩይዱን መንፈስ ወደ ድሮን መላክ ነው። ሐሳቡ ያምራል፤ ግን የአውሬው ሕይወት ሲያልቅ የተረፈው ጉዳት ወደ ሰውየው አካል መመለስ አለበት። አካሉ ሌላ ክፍል ተኝቶ ከሆነ አደጋው ሁሉ ቀረ። ስለዚህ ለውጡ በራሱ ሰውነት ላይ ይሁን፤ ከቆዳው በሚበቅል ሕያው ልብስ ጉሬዛ ወይም ጅብ ይምሰል። ቁጥር አትፍጠሩ፤ ለጅቡ የተኩላን ውሰዱ፣ መከላከያ 13፣ ሕይወት 11።

ዱር አዋቂና አዳኝ የሆነውን ሌላ ክላስ፣ ሬንጀርን፣ ማሻገር ቀላል ነው። የሚያውቃቸውን ምድሮች ዝርዝር ሰርዛችሁ በዘመቻው በሚታዩ አምስት ስድስት ቦታዎች ተኩ፦ የአየር ቧንቧ፣ የጭነት ወደብ፣ የማዕድን ጉድጓድ፣ የጣቢያው ደን፣ የመርከብ ስብርባሪ። ዘመቻው የማይረግጠውን ቦታ አታስገቡ፤ ተጫዋቹ ከመረጠው ችሎታው ሞተ ማለት ነው።