የኬንያ አየር መንገድ በማገገም ላይ ሳለ ትኬት እንዴት ይቆረጣል?

የኬንያ አየር መንገድ ለ2024 ወደ 5.4 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ትርፍ ሲያሳውቅ፣ ከ11 ዓመት በኋላ የመጣ የመጀመሪያው ዓመታዊ ትርፍ ነበር። በ2025 የመጀመሪያ ግማሽ ዓመት ግን ወደ 12 ቢሊዮን ሽልንግ ኪሳራ ተመለሰ። የከሰረው መንገደኛ አጥቶ አይደለም። ከዘጠኙ ቦይንግ 787 አውሮፕላኖቹ ሦስቱ ሞተርና መለዋወጫ ሲጠብቁ መሬት ላይ ቆመው ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለመንገደኛው ትልቁ ነገር ይኸው ነው። የሚያሰጋው ድርጅቱ ነገ ይዘጋል የሚለው ሳይሆን አንድ አውሮፕላን ሲበላሽ በቦታው የሚገባ ሌላ አለመኖሩ ነው። የአየር መንገዱ 787 የሚይዘው 234 ሰው ነው፤ አንዱ ሲቀር ይህን ያህል ሰው በአንድ ቀን አማራጭ ይፈልጋል። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ መነሻው ይህ ነው።

የማገገሚያ ዕቅዱ ከየት መጣ

በ2011 አካባቢ አየር መንገዱ «ማዊንጉ» (በስዋሂሊ ደመና) በሚል ስም ትልቅ የማስፋፊያ ዕቅድ ነድፎ በብድር አውሮፕላን ገዛ። ብዙም ሳይቆይ በ2013 በናይሮቢው ዌስትጌት የገበያ ማዕከል ላይ የደረሰው ጥቃት ቱሪስቱን አሸሸ፣ በ2014 ደግሞ ኢቦላ የምዕራብ አፍሪካን መስመር መታ። ኪሳራው በ2015/16 የበጀት ዓመት 26.2 ቢሊዮን ሽልንግ ደረሰ። ትልልቆቹ 777 አውሮፕላኖች ለቱርክ አየር መንገድ ተከራዩ፤ በለንደን ሂትሮው የነበረው የማረፊያ ሰዓት ለኦማን አየር መንገድ ተሸጠ። በ2017 ዕዳው ወደ አክሲዮን ሲቀየር መንግሥት 48.9 በመቶ፣ አበዳሪ ባንኮች 38.1 በመቶ ያዙ፤ ቀድሞ ወደ 27 በመቶ የነበረው የሆላንዱ አየር መንገድ ኬኤልኤም ወደ 7.8 በመቶ ወረደ። አሁን ያለው ዕቅድ «ኪፋሩ» (አውራሪስ) ይባላል፤ ወጪ መቀነስ፣ የማያዋጣ መስመር መተው፣ ገንዘብ ይዞ የሚገባ አጋር መፈለግ የሚሉት ዋናዎቹ ናቸው።

መንግሥት ከኋላው ስለቆመ ድርጅቱ በአንድ ሌሊት መጥፋቱ የሚጠበቅ አይደለም። ነገር ግን ድርጅቱን የሚያድነው ውሳኔ ራሱ የእርስዎን በረራ ሊሰርዘው ይችላል። በሳምንት ሰባት ጊዜ የነበረው ወደ አራት ይወርዳል። ለ145 ሰው የተሸጠ የ737 በረራ 96 መቀመጫ ባለው ኤምብራየር ይተካና 49 ሰው ሜዳ ላይ ይቀራል። ብዙ ጊዜ የሚቀሩት ዘግይተው የገቡና የወንበር ቁጥር ያልያዙ ናቸው። ስለዚህ የመግቢያ ምዝገባው በኢንተርኔት እንደተከፈተ ወንበርዎን ይያዙ፤ ካላስገባዎት ችግሩን አውሮፕላን ማረፊያ ሳይደርሱ አወቁት ማለት ነው።

ከመቁረጥዎ በፊት

መጀመሪያ የትኬት ቁጥሩን ይመልከቱ። 13 አኃዝ አለው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ትኬቱን ያወጣውን አየር መንገድ ይናገራሉ። 071 የኢትዮጵያ፣ 706 የኬንያ፣ 083 የደቡብ አፍሪካ፣ 074 የኬኤልኤም፣ 057 የኤር ፍራንስ ነው። ገንዘብዎ ያለው በዚህ አየር መንገድ እጅ ነው፤ በረራ ሲሰረዝ ትኬቱን የመቀየርም ሆነ ገንዘብ የመመለስ ሥልጣን ያለው እሱ ነው። ከናይሮቢ ወደ አውሮፓ በኬኤልኤም ወይም በኤር ፍራንስ ትኬት የኬንያ አየር መንገድን በረራ ማካተት ሲቻል እንዲያ ቢገዙ ይሻላል። በረራው ቢቀር ሌላ መቀመጫ የሚፈልግልዎ ብዙ አውሮፕላን ያለው ድርጅት ይሆናል። የዋጋው ልዩነት ትንሽ ከሆነ እኛ ሁልጊዜ ይህንን እንመርጣለን።

ሁለተኛ፣ መንገዱን በሙሉ በአንድ ትኬት ይግዙ። ብዙ ወገን ተጎድቶ ያየነው እዚህ ላይ ነው፦ ከአዲስ አበባ ናይሮቢ በአንዱ፣ ከናይሮቢ ጆሃንስበርግ በሌላው ለየብቻ ርካሽ ይቆረጣል። የመጀመሪያው ሁለት ሰዓት ሲዘገይ ሁለተኛው እንደቀረ መንገደኛ ይቆጥርዎታል፤ ትኬቱም ይቃጠላል። ሻንጣ ለመቀበልና እንደገና ለማስመዝገብ በኢሚግሬሽን መውጣትም ሊጠይቅ ይችላል፤ ለዚያ አገር የመግቢያ ፈቃድ ከሌለዎት መንገዱ እዚያው ያበቃል። በአንድ ትኬት ሲሆን ቀጣዩን በረራ የማፈላለግ ኃላፊነት የእነሱ ነው። የግድ በሁለት ትኬት ከሆነ በመካከሉ አንድ ሌሊት ይተዉ። በአንድ ትኬትም ቢሆን ናይሮቢ ላይ ሦስት ሰዓት ይስጡ፤ በቀኑ የመጨረሻ በሆነ በረራ ላይ አይተማመኑ።

ከጉዞ ወኪል ሲገዙ ስድስት ፊደልና ቁጥር ያለውን የቦታ ማስያዣ ብቻ ተቀብለው አይውጡ። እሱ ቦታ መያዙን እንጂ መከፈሉን አያሳይም፤ ወኪሉ በጊዜው ካልከፈለ ይሰረዛል። 13 አኃዙን ይጠይቁ፣ በአየር መንገዱ ድረ ገጽ ላይ ስምዎን አስገብተው ያረጋግጡ። ሌላም አለ፤ ብዙ ወኪሎች በማስያዣው ላይ የራሳቸውን ስልክ ያስገባሉ። የመሰረዝ መልእክት ወደ እነሱ ይሄዳል፣ እርስዎ ቦሌ ደርሰው ነው የሚሰሙት። የእርስዎ ስልክና ኢሜይል መግባቱን አይተው ይክፈሉ።

በውጭ ያላችሁ በክሬዲት ካርድ ክፈሉ። በብሪታንያ ከ100 እስከ 30,000 ፓውንድ በሚያወጣ ግዢ ሻጩ ያላቀረበውን አገልግሎት የካርዱ ባንክም ይጠየቅበታል። በአሜሪካ የካርድ ሒሳብ መግለጫው ከደረሳችሁ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መቃወም ይቻላል። በጥሬ ገንዘብ ለወኪል የተከፈለ ግን ተመላሹ በወኪሉ በኩል ነው የሚመጣው፤ ደረሰኙን እንደ ፓስፖርት ያስቀምጡ። የጉዞ መድን የሚገዛ ሰው ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ አየር መንገዱ ቢከስር ይከፍላል? የሥራ ማቆም አድማን ይሸፍናል? በኖቬምበር 2022 የኬንያ አየር መንገድ አብራሪዎች አድማ ለቀናት በረራ አስቁሞ ነበር፤ እንዲህ ያለ አድማ ከታወጀ በኋላ የተገዛ መድን ዋጋ እንደማይኖረው ልብ ይበሉ፤ መድን ድርጅቶች አስቀድሞ የታወቀ ነገር አይሸፍኑም።

የሰዓት ለውጥ ሲላክልዎ

«ተቀበል» የሚለውን ለመጫን አይቸኩሉ። ከተቀበሉ በኋላ ገንዘብ ተመላሽ መጠየቅ በጣም ይከብዳል። መጀመሪያ ተያያዥ በረራው ይደርስ እንደሆነ ያስሉ፣ ከዚያ የሚፈልጉትን በረራ በቁጥሩና በቀኑ ጠቅሰው ይጠይቁ። ሠራተኛው የሚያቀርበው ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ያመጣለትን ነው፤ የተሻለውን ፈልጎ የሚመጣ መንገደኛ ብዙ ጊዜ ያገኘዋል። በአዲስ አበባና ናይሮቢ መካከል የኢትዮጵያ አየር መንገድም ስለሚበር፣ የኬንያው ሲሰረዝ ወደዚያ እንዲያዛውሩዎ ይጠይቁ።

በረራው ከቀረ

የመሰረዙን ምክንያት በጽሑፍ ይቀበሉ፣ የምግብና የሆቴል ደረሰኝ ይያዙ። መብቱ እንደ መስመሩ ይለያያል። ከፓሪስ ወይም ከአምስተርዳም ተነስተው ወደ ናይሮቢ ሲበሩ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ማንኛውንም አየር መንገድ ይመለከታል፤ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ጉዞ ካሳው 600 ዩሮ ነው፣ ከአየር መንገዱ ቁጥጥር ውጭ የሆነ ምክንያት ካልተገኘ። ከናይሮቢ ወደ አውሮፓ ሲሆን ግን የሚሠራው የሚያበርሩት የአውሮፓ ድርጅቶች ሲሆኑ ብቻ ነው። የበረራ ቁጥሩ የኬኤልኤም ሆኖ አውሮፕላኑ የኬንያ ከሆነ ካሳው አይገኝም፤ ስለዚህ ትኬቱ ላይ «የሚያበርረው» የሚለውን መስመር ያንብቡ። ከኒው ዮርክ ወይም ወደ ኒው ዮርክ በሚሆን ጉዞ የአሜሪካ ደንብ በረራው ተሰርዞበት ሌላ አማራጭ ላልተቀበለ መንገደኛ ገንዘቡ እንዲመለስ ያዛል፤ በክሬዲት ካርድ ከተከፈለ በ7 የሥራ ቀን።

በገንዘብ ፈንታ ቫውቸር (በኋላ ትኬት የሚገዙበት ወረቀት) ሲያቀርቡልዎ አይቀበሉ፤ ገንዘቡን ይጠይቁ። ችግር ላይ ያለ ድርጅት የሚሰጠው ቫውቸር ከእርስዎ ለድርጅቱ የተሰጠ ብድር ነው። የደቡብ አፍሪካ አየር መንገድ ርካሽ ቅርንጫፍ የነበረው ማንጎ በጁላይ 2021 በረራ ሲያቆም ትኬት የያዙ ሰዎች አበዳሪ ሆነው ተሰለፉ።

ሻንጣዎ ካልመጣ ከሻንጣ መረከቢያ አዳራሹ ሳይወጡ የጠፋ ሻንጣ ሪፖርት ያስመዝግቡና ቁጥሩን ይያዙ። የዓለም አቀፍ በረራ መንገደኞችን መብት በሚደነግገው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት የተበላሸ ሻንጣ ከተረከቡት በ7 ቀን፣ የዘገየ ደግሞ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አቤት ይባላል። 21 ቀን ካለፈው እንደጠፋ ይቆጠራል። ክስ ለማቅረብ ያለው ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። ወርቅና ጥሬ ገንዘብ ሻንጣ ውስጥ አይክተቱ።

የተጠራቀመ ማይል

በየበረራው የሚያገኙትን ነጥብ (ማይል) ይጠቀሙበት እንጂ አያጠራቅሙት። የጃፓን አየር መንገድ በጃንዋሪ 2010 በፍርድ ቤት ጥበቃ ሥር ሲገባ የመንገደኞቹን ማይል አስከብሮ መብረሩን ቀጠለ። የጣሊያኑ አሊታሊያ ግን በኦክቶበር 2021 ሲዘጋ ተተኪው ኢታ ነጥቦቹን አልተረከበም። የኬንያ አየር መንገድ ስካይቲም የተባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል ስለሆነ በረራዎን በሌላ አባል ድርጅት ሒሳብ ላይ ማስመዝገብ ይቻላል።

መቼ ነው መሸሽ ያለብዎ

የድርጅት ኃላፊ መቀየር ወይም የኪሳራ ዜና ብቻውን የሚያሸሽ አይደለም። የሚያሰጉት ሌሎች ናቸው፦ ነዳጅ አቅራቢው ቅድሚያ ጥሬ ገንዘብ ሲጠይቅ (ስዊስኤር በኦክቶበር 2 ቀን 2001 የቆመው ነዳጅ የሚገዛበት ገንዘብ ሲያልቅበት ነው)፣ የአየር ትራፊክ አገልግሎት ሰጪው ባልተከፈለ ሒሳብ ሲያግደው (ማንጎ የቆመው በዚህ ነው)፣ አጋር አየር መንገዶች የበረራ ቁጥራቸውን ከበረራዎቹ ሲያነሱ፣ ከተወሰነ ቀን በኋላ ላሉ በረራዎች በሙሉ ሽያጭ ሲዘጋ። አሊታሊያ በኦገስት 2021 መጨረሻ ከኦክቶበር 14 በኋላ ላሉ በረራዎች መሸጥ አቁሞ ነበር፤ ምልክቱ ለሁሉም የሚታይ ነበር። ከእነዚህ ሁለቱን ከተመለከቱ ተመላሽዎን በዚያው ቀን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የከሰረውን ድርጅት የሚረከብ አስተዳዳሪ ከተሾመ በኋላ የሚቀርብ ጥያቄ ከባንኩ ኋላ ነው የሚሰለፈው።