የኪያርን ዘረመል ዝም አሰኝቶ በሽታ መቋቋሙን መፈተሽ

ይህ ዘዴ የዘረመሉን ቁራጭ በተሸከመ ቫይረስ አማካኝነት የተክሉን ዘረመል ዝም ያሰኛል፣ ማለትም ያፍናል። መጀመሪያ ዘረመሉ የማን ወገን እንደሆነ ገምቱ። ተክሉን የሚከላከል ከሆነ ሲታፈን በሽታው ይብሳል፤ እንደ ኤምኤልኦ8 የተባለው የኪያር ዘረመል ለአመዳይ ፈንገስ (ቅጠልን ነጭ ዱቄት ለሚያለብሰው) በር የሚከፍት ከሆነ ግን ቅጠሉ ወይም ግንዱ ይጸዳል።

ከዘረመሉ ከ200 እስከ 300 ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) የሚሆን ቁራጭ ምረጡ። ከሌላ ዘረመል ጋር 21 ቤዝ ያህል በተከታታይ ከተመሳሰለ ያንንም ሊያፍን ይችላል፤ ኤምኤልኦ ደግሞ ወንድሞቹ ብዙ ናቸው። ቁራጩን በቲአርቪ2 ፕላስሚድ (የቲአርቪ ቫይረስን አንድ ክፍል የያዘ ክብ ዲኤንኤ) ከታችሁ ጂቪ3101 በተባለ አግሮባክቴሪየም (ዲኤንኤን ወደ ተክል የሚያስገባ ባክቴሪያ) ውስጥ አስገቡት፤ የቫይረሱን ሌላ ክፍል የያዘውን ቲአርቪ1ንም ለብቻው።

ሁለቱን በየዕቃቸው፣ ካናማይሲንና ሪፋምፒሲን (ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒቶች) ባለበት ኤልቢ (የባክቴሪያ ማሳደጊያ ፈሳሽ)፣ በ28 ዲግሪ አሳድሯቸው። በሴንትሪፉጅ አዝቅጡና 10 ሚሊሞላር ማግኒዥየም ክሎራይድ፣ 10 ሚሊሞላር ኤምኢኤስ (የአሲድነት ማመጣጠኛ፣ ፒኤች 5.6) እና 200 ማይክሮሞላር አሴቶሲሪንጎን (ባክቴሪያው ዲኤንኤ እንዲያስተላልፍ የሚያነቃቃ) ባለው ፈሳሽ በጥብጧቸው፤ በ600 ናኖሜትር ብርሃን የሚለካው የድፍርስነት ንባብ 1.0 ይሁን። 3 ሰዓት ጨለማ ውስጥ ካቆያችሁ በኋላ እኩል በእኩል ቀላቅሉ።

የመጀመሪያው እውነተኛ ቅጠል ብቅ ሲል የዘር ቅጠሉን ጀርባ በመርፌ ጫፍ ጫር አድርጉ፤ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ገጥማችሁ በቀስታ ግፉ። ፈሳሹ የደረሰበት ቦታ ውሃ እንደነካው ወረቀት ይጠቁራል። ካልጠቆረ አልገባም። ሌሊቱን በጨለማና በእርጥበት አሳድሩ፣ ከዚያ በ22 ዲግሪ አካባቢ አቆዩ። ኪያር ሙቀት ይወዳል ብሎ ማሞቅ አፈናውን ያላላዋል።

ፒዲኤስ (ሲታፈን ቅጠልን የሚያነጣ ዘረመል) የታፈነበት ተክል ከ2 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ አዲስ ቅጠሉ ከነጣ ዘዴው ሠርቷል። ባዶ ቬክተር (የዘረመል ቁራጩ የሌለበት ቲአርቪ) የተወጉ ተክሎች ግን ፈጽሞ አይቅሩ፦ ቫይረሱ ራሱ መከላከያን ስለሚቀሰቅስ፣ ካልተነካ ኪያር ጋር ያነጻጸረ ሰው የቫይረሱን ሥራ ለዘረመሉ ይሰጣል።

ፈንገሱን ከመርጨታችሁ በፊት ከዚያው ቅጠል ናሙና ቆርጣችሁ የዘረመሉን የአርኤንኤ ቅጂ መጠን በኪውፒሲአር (ቅጂዎችን እያባዛ የሚለካ ዘዴ) ለኩ። ፕራይመሮቹ (የሚለካውን ቦታ የሚለዩት አጫጭር ዲኤንኤዎች) ከቁራጩ ውጭ ይረፉ፤ አለበለዚያ የምትቆጥሩት ቫይረሱ የተሸከመውን ነው።

አመዳይ ሕያው ቅጠል ላይ ብቻ ስለሚያድግ በላቦራቶሪ ሳህን አይራባም። ስፖሩን (የፈንገሱን መራቢያ ብናኝ) 0.01 በመቶ ትዊን-20 (ሳሙና መሰል ፈሳሽ) ባለው ውሃ አጥባችሁ በሚሊሊትር 100,000 አድርሱ፤ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ስለሚበላሽ ወዲያው ርጩ። ከ7 እስከ 10 ቀን በኋላ ነጭ ዱቄት የሸፈነውን የቅጠል ድርሻ በመቶኛ መዝግቡ። አፈናው ከቅጠል ቅጠል ስለሚለያይ በየምድቡ ቢያንስ 10 ተክል ያዙ፤ መዝጋቢው የትኛው ማሰሮ ምን እንደተወጋ አይወቅ።