የፎርሙላ ዋን ቅጣት ስንከታተል ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ላይ ፎርሙላ ዋን የሚባለውን የመኪና እሽቅድምድም የሚከታተለው ሰው እንደ እግር ኳሱ ብዙ አይደለም። ያለው ግን ልቡን ሰጥቶ ነው የሚያየው። ፒያሳ ካፌ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ሥር ቦታ የሚይዝ አለ፣ አዘዞ ቤቱ ሆኖ በስልኩ የሚከታተል አለ። ክርክሩ የሚጦፈው ቅጣት ሲመጣ ነው። «ሰረቁት!»፣ «ተበላ!» ይባላል፤ ጓደኛሞች ተኳርፈው ይለያያሉ። ይሄን ስፖርት ስለምወደው ጭቅጭቁ ያሳዝነኛል። አብዛኛው ደንቡን ካለማወቅ የሚመጣ ነውና። ደጋግመን የምንሠራቸውን ስህተቶች እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባንዲራው ሲውለበለብ ሂሳብ ዘግቶ መነሳት

ከሁሉም የሚበዛው ይሄ ነው። መኪኖቹ መስመሩን ሲያልፉ አለቀ ብለን የተወራረድነውን ማኪያቶ እንከፍላለን። ያኔ የምናየው ውጤት ግን ጊዜያዊ ነው። መኪኖቹ ገና ይመዘናሉ፣ ይለካሉ።

በ2024 ቤልጂየም ስፓ ላይ ጆርጅ ራስል አንደኛ ወጣ፤ መድረክ ላይ ቆሞ ዋንጫም ተቀበለ። መኪናው ሲመዘን ከዝቅተኛው 798 ኪሎ 1.5 ኪሎ ጎደለ። ውጤቱ ተሰረዘና ድሉ ለቡድን ጓደኛው ለሉዊስ ሃሚልተን ሆነ። የ2025ቱ ላስ ቬጋስ ደግሞ እኛ ጋ እሁድ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ነበር የጀመረው። ላንዶ ኖሪስ 2ኛ፣ ኦስካር ፒያስትሪ 4ኛ ሆነው ጨረሱ። ከሰዓታት በኋላ ሁለቱም ተሰረዙ። ከመኪናው ወለል ሥር የምትገጠመው ሳንቃ ከ9 ሚሊሜትር በታች ተበልታ ተገኝታ ነበር። ጠዋት አይቶ የተነሳ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚያወራው የተሻረ ውጤት ነው። የተወራረዳችሁትን ለመክፈል የመጨረሻው ውጤት እስኪጸድቅ ጠብቁ።

ደንብ የጣሰን ሁሉ አጭበርባሪ ማለት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የ2021ዱ የብራዚል ውድድር ብዙ የሚያስተምረን ስለሆነ ነው።

ሃሚልተንና ማክስ ቨርስታፐን ለዋንጫ አንገት ለአንገት ተናንቀዋል። ዓርብ መነሻ ቦታ በሚወስነው ማጣሪያ ሃሚልተን ፈጣኑን ሰዓት አስመዘገበ። ከዚያ የኋላ ክንፉ ተለካ። በዚያን ጊዜ ደንብ፣ ፍጥነት ለመጨመር ክንፉ ሲከፈት የሚፈጠረው ክፍተት ከ85 ሚሊሜትር መብለጥ አልነበረበትም። የእሱ በአንድ ጎን በለጠ። ዳኞቹ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው አላሉም። ቢሆንም ከማጣሪያው ሰረዙትና ለቅዳሜው ስፕሪንት (አጭሩ ውድድር) መጨረሻ ላይ እንዲሰለፍ አደረጉ። የመኪና ልክ ጉዳይ እንዲህ ነው፤ ሐሳብህ ምን ነበር ብሎ የሚጠይቅህ የለም። ወይ ልኩ ነህ ወይ አይደለህም። በእግር ኳስ አንድ ክለብ ያልተመዘገበ ተጫዋች ቢያሰልፍ፣ ጸሐፊው ረስቶ ነውም ቢባል፣ ነጥቡ ይወሰዳል።

ቨርስታፐንም አላመለጠም። ከማጣሪያው በኋላ መኪኖቹ ማንም እንዳይነካቸው ተከልለው ሳለ የሃሚልተንን ክንፍ በእጁ ሲዳብስ በተመልካች ቪዲዮ ተቀረጸ። 50,000 ዩሮ ተቀጣ። ብዙ ሰው ክንፉን ያበላሸው እሱ ነው አለ። ዳኞቹ ግን ያን ያህል ጉልበት እንዳልተጠቀመ አይተው ሁለቱን ጉዳዮች ለያይተው ወሰኑ።

ቅዳሜ ሃሚልተን በ24 ዙር ከ20ኛ ወደ 5ኛ መጣ። ከተፈቀደው ቁጥር በላይ አዲስ ሞተር ስላስገጠመ ደግሞ 5 ደረጃ ተጨምሮበት እሁድ ከ10ኛ ተነሳ። እኛ ጋ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነበር። አሸነፈ! ሲጨርስ ቀበቶውን ፈቶ የብራዚልን ባንዲራ አውለበለበ፤ ቀበቶ በመፍታቱም የገንዘብ ቅጣት መጣበት።

በአንድ ሳምንት መጨረሻ ያን ሁሉ ቅጣት አየን። የክንፉ የመኪናው ነው። የሞተሩ ቡድኑ እያወቀ የከፈለው ዋጋ ነው። የቀበቶው የአሽከርካሪው ነው። ሦስቱን ደባልቆ «አጭበረበረ» ማለት ሰውየውን መበደል ነው።

5 ሰከንድና 5 ደረጃን ማምታታት

የደረጃ ቅጣት ከውድድሩ በፊት አሰላለፉ ላይ ነው የሚሠራው። የሰከንድ ቅጣት ውድድሩ ውስጥ ነው። አሽከርካሪው ጎማ ሊቀይር ፒት ሲገባ ማንም ሳይነካው ያን ያህል ሰከንድ ይቆማል፤ ካልገባ መጨረሻ ላይ ሰዓቱ ላይ ይደመርበታል። በ2019 ካናዳ ላይ ሴባስቲያን ቬትል መስመሩን ቀድሞ አለፈ። ሃሚልተን ከኋላው የነበረው በ1 ሰከንድ ከምናምን ነው። 5 ሰከንድ ሲደመር ድሉ ለሃሚልተን ሆነ። ቬትል ተናዶ ከመኪኖቹ ማቆሚያ ፊት ያሉትን የ1ኛና የ2ኛ ደረጃ ሰሌዳዎች ቦታ አቀያየረ።

ከዚህ የሚከብድም አለ። በ2024 ኳታር ላይ ኖሪስ የአደጋ ምልክት የሆነው ቢጫ ባንዲራ እያለ ፍጥነት ባለመቀነሱ ፒት ገብቶ 10 ሰከንድ ቆሞ እንዲወጣ ተፈረደበት። ጎማ መቀየር እንኳ አይፈቀድም። ለ2ኛነት ሲታገል የነበረው ሰው 10ኛ ሆኖ ጨረሰ። ደግሞ ትንንሹ ቅጣት ከቅጣት ነጥብ ጋር ይመጣና ነጥቡ ይጠራቀማል። በ12 ወር ውስጥ 12 ነጥብ የሞላበት አንድ ውድድር ያርፋል። ኬቨን ማግኑሰን በ2024 ከጣሊያኑ ሞንዛ በኋላ የአዘርባጃኑ ባኩ ውድድር ያመለጠው በዚህ ነው።

አሽከርካሪውን ብቻ መውቀስ

በ2023 ባህሬን ላይ ኤስቴባን ኦኮን መነሻ ቦታው ላይ በትክክል ባለመቆሙ 5 ሰከንድ ተቀጣ። ፒት ሲገባ መካኒኮቹ ጊዜው ሳይሞላ መኪናውን ነኩት፤ 10 ተጨመረ። ከዚያ በፒቱ መንገድ ፍጥነት አለፈ፤ ሌላ 5። ያችን አሥር ያመጣት የሌላ ሰው እጅ ነው። ካፌ ውስጥ የተሰደበው ግን እሱ ብቻ ነው።

«ለእሱ 5፣ ለእኛ 10» ማለት

ይሄ ቅሬታ ሁልጊዜ ውሸት አይደለም። ዳኞቹ ከውድድር ውድድር ይለዋወጣሉ፤ ሰውም ናቸው። በዚያው በ2021ዱ ብራዚል በ48ኛው ዙር ቨርስታፐን ሃሚልተንን ከመንገድ ይዞት ሲወጣ ምርመራ እንኳ አልተከፈተም። እኔ ዛሬም መመርመር ነበረበት እላለሁ። ነገር ግን ከመጮህ በፊት ሁለቱ ጥፋቶች እውነት አንድ ዓይነት ናቸው ወይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን በ2025 ሰኔ ላይ ዳኞቹ የሚመሩበትን የቅጣት መመሪያ ለሕዝብ ይፋ አድርጓል። አሁን ማነጻጸር ይቻላል።

ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ አለማንበብ

ካፌ ውስጥ ድምፁ ብዙ ጊዜ ይዘጋል፤ በሌላው ቴሌቪዥን ኳስ አለ። ስለዚህ ጽሑፉ ላይ ዓይናችሁን ጣሉ። መጀመሪያ ክስተቱ «ተመዝግቧል» ይላል። ያ ገና ምንም ማለት አይደለም። ቀጥሎ «በምርመራ ላይ» ይላል። «ከውድድሩ በኋላ ይታያል» ካለ ደግሞ ያ አሽከርካሪ የያዘው ደረጃ ገና አልጸናም ማለት ነው። ያልታየ ነገርም ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። በ2023 ኦስትሪያ ላይ መኪኖች ከመንገዱ ነጭ መስመር ወጡ የተባለባቸው ከ1,200 በላይ ክስተቶች ነበሩ፤ ሁሉንም በሰዓቱ ማየት አልተቻለም። አስቶን ማርቲን ተቃውሞ አስገባ፤ እንደገና ተቆጠረና ማምሻውን 8 አሽከርካሪዎች ተጨማሪ ቅጣት ደረሰባቸው። ካርሎስ ሳይንዝ ከ4ኛ ወደ 6ኛ ወረደ። እንዲህ ያለ ውሳኔ ሁሉ የተጣሰው አንቀጽና ምክንያቱ ተጽፎበት በፌዴሬሽኑ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይወጣል። ብዙውን ጊዜ ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ ኔትወርክ ደከም ባለበት ሰዓትም በስልክ ይከፈታል።