ስፒናውን ዳስሱት፦ የኤሌክትሪክ ቃጠሎን ከቤት እንዴት እናርቃለን?

ባለፈው ሁዳዴ አንድ ማታ ግቢያችን ዓሣ ዓሣ ሸተተ። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነው የምንኖረው፣ አራት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ። በጾም ዓሣ የሚጠብስ ጎረቤት ደግሞ የለንም። አከራያችን ማዘር በየበሩ እየዞሩ "ማነው ልጆቼ?" ይላሉ። አፍንጫችንን ተከትለን ስንሄድ ነገሩ የእኔው ቤት ሆኖ ተገኘ፤ ከፍሪጁ ጀርባ።

ሶኬቱ ጠይሟል። ፍሪጁንና ነጠላውን ምድጃ በዲቫይደር አድርጌ የሰካሁት እዚያ ላይ ነበር። ደንግጬ ስነቅለው የስፒናው ፕላስቲክ ቀልጦ ኖሮ አንዱ እግር ሶኬቱ ውስጥ ቀረ። (መጀመሪያ ብሬከሩን ማውረድ ነበረብኝ። እናንተ እንደኔ እንዳታደርጉ።) ሶኬትና ስፒና የሚሠሩባቸው አንዳንድ ፕላስቲኮች ከመጠን በላይ ሲግሉ ልክ ዓሣ የመሰለ ሽታ ያወጣሉ። ያለ ዓሣ ዓሣ ከሸተታችሁ ብሬከር አውርዱና ፈልጉ።

ከዚያ ወዲህ ቤቴን የምፈትሽበትን መንገድ ልንገራችሁ።

1. በእጅ፣ በዓይንና በጆሮ ጀምሩ

እንጀራ ጋግራችሁ እንደጨረሳችሁ ምጣዱን አጥፍታችሁ ንቀሉ። ወዲያው የስፒናውን ፕላስቲክ በእጃችሁ ጀርባ ንኩት፤ እግሮቹን አትንኩ። ለብ ካለ ምንም አይደል። እጅ የማያስቆይ ከሆነ ግን አንድ ቦታ ላልቷል፣ ወይም ሶኬቱ አቅሙ አይደለም። የጠየመ፣ የቀለጠ፣ ሲሰካ የሚወዛወዝ፣ "ጢስ ጢስ" የሚል ሶኬት ካለ ከዛሬ ጀምሮ አትጠቀሙበት።

ይሄን ያህል የማከብደው ለምን መሰላችሁ? የላላ ብሎን መሐል የሚያልፍ ኤሌክትሪክ ያንን ቦታ ያግለዋል። ጭነቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የእኔ ሶኬት ሲቀልጥ ብሬከሩ ዝም ብሎ ነበር። ብሬከር የሚያየው በጠቅላላው ስንት እንደሚያልፍ ነው፤ ብሎን መላላቱን አያይም። ያንን የሚያየው እጃችሁና አፍንጫችሁ ብቻ ነው።

የላላውን ማጥበቅ የካቻቢቴ ሥራ ነው፣ ግን ዋናው ብሬከር ሳይወርድ አይነካም። የቀለጠ ሶኬት አይጠገንም፤ ይቀየራል። በፕላስተር የተጠቀለለ የሽቦ ቅጥያም ያው ነው።

2. ሒሳቡን ሥሩ

የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት ነው። ዕቃው ላይ የተጻፈውን ዋት ለ220 ስታካፍሉ አምፔሩን ታገኛላችሁ። ምጣድ 3,500 ዋት ቢሆን 16 አምፔር ገደማ ነው። አሁን ዲቫይደራችሁን ገልብጡት። 10 አምፔር ይል ይሆናል። ያ ማለት ሁሉም ቀዳዳ ተደምሮ ከ2,200 ዋት አይለፍ ማለት ነው። አራት ቀዳዳ ስላለው አራት ምድጃ ይችላል ማለት አይደለም።

ቴሌቪዥን፣ ዲኮደር፣ ዋይፋይና የስልክ ቻርጀር ተደምረው ትንሽ ናቸው፤ ዲቫይደር የተሠራው ለእነሱ ነው። ምድጃ፣ ካውያና የውሃ ማፍያ ግን በቀጥታ ግድግዳው ላይ፣ አንድ በአንድ። የዲቫይደሩን ገመድ ጠቅልላችሁ ወይም ምንጣፍ ሥር ደብቃችሁ አትጠቀሙ፤ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ቻርጀር ደግሞ ትራስ ሥር አይደረግም፤ ይሄን ሁሉም ሰው ያውቃል፣ ሁሉም ሰው ያደርገዋል።

3. ለምጣዱ የራሱን መስመር ስጡት

ከቤት ዕቃ ሁሉ በላተኛው ምጣድ ነው። ከብሬከር ሳጥኑ ተነስቶ ምጣዱ ጋ ብቻ የሚደርስ መስመር ያስፈልገዋል፦ 4 ካሬ (ካሬ ሚሊሜትር፣ የሽቦው ውፍረት ማለት ነው) የመዳብ ሽቦ፣ ማድ ቤቱ ራቅ ካለ 6 ካሬ፣ ከ20 ወይም 25 አምፔር ብሬከር ጋር። ለአምፖል 1.5፣ ለተራ ሶኬት 2.5 ካሬ ነው የተለመደው። ኤሌክትሪሺያኑ "ግዴለም፣ በዚሁ ይሠራል" ካለ ሌላ ኤሌክትሪሺያን ፈልጉ። ይሠራል እኮ፤ ጥያቄው እስከ መቼ ነው። ሽቦውን ራሳችሁ ከገዛችሁ ጫፉን በምላጭ ፋቅ ፋቅ አድርጉ። ከቀይ ቅቡ ሥር ነጭ ከወጣ አሉሚኒየም ነውና መልሱት።

ምጣዱንም ገልብጡት፤ ነቅላችሁ፣ ቀዝቅዞ። ሽቦው ከሸክላው ወደ ውጪ የሚወጣበትን ቦታ ተመልከቱ። እዚያ ጋ የጠቆረ ወይም የተጠማዘዘ ቅጥያ ካለ ምጣድ ጠጋኝ ዘንድ ውሰዱት። የምጣድ ሽቦ ሲበጠስ ጠምዝዞ ማገናኘት የተለመደ ነው፣ መጀመሪያ የሚግለውም ያ ጥምዝ ነው።

ሌላው ነገር ሰፌዱ ነው። የመጨረሻዋ እንጀራ ወጥታ ሰፌዱን ምጣዱ ላይ ጣል፣ ዘይት የጠገበችውን ማሰሻ ደግሞ ጎኑ። ምጣድ ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ ትኩስ ነው። ሰፌድ ደግሞ ምንድን ነው? ደረቅ ሣር። ሁለቱንም ከምጣዱ አርቃችሁ ግድግዳ ላይ ስቀሉ።

በእኛ ሰፈር ብዙ ማድ ቤት ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒሱ ማዳበሪያ፣ መከለያው ቺፕውድ። ማዳበሪያ እሳት ሲነካው እየቀለጠ ይንጠባጠባል፣ የተንጠባጠበበትም ይያያዛል። ቤቱን ማፍረስ አይቻል ይሆናል፤ ከምጣዱና ከብሬከር ሳጥኑ በላይ ያለውን ማዳበሪያ ግን ቀዳችሁ ማንሳት ትችላላችሁ።

ቆጣሪ የምትጋሩ ከሆነ ደግሞ ተነጋገሩ። ሁለት ምጣድ በአንድ ጊዜ ወደ 32 አምፔር ይጠጋል፣ ያውም ምድጃው ሳይቆጠር። እኛ ግቢ አሁን መጋገሪያ በተራ ነው። ማዘር ማክሰኞና ቅዳሜን ወስደዋል፤ የቀረነው እንደምንም ተከፋፈልን።

4. ብሬከሩን አትቆጡት

"ብሬከሩ እየወረደ አስቸገረኝ፣ 16ቱን በ32 ቀይርልኝ።" ይሄን ያላለ አለ? እኔም ብያለሁ። ነገሩ ግን ሌባ ሲያይ የጮኸን ውሻ እንደ መግደል ነው። ብሬከር የሚጠብቀው ዕቃውን ሳይሆን ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ ነው። 2.5 ካሬ ሽቦ ላይ 32 ብታስሩ ሽቦው ይግላል፣ ብሬከሩ ግን አይወርድም። የተቃጠለ ፊውዝን በሽቦ ማሰርም ያው ነው። ብሬከር ሲወርድ አንድ ዕቃ ነቅላችሁ መልሱት። ደግሞ ከወረደ ሌላ ንቀሉ። ምንም ሳይሰካ የሚወርድ ከሆነ ባለሙያ ጥሩ።

5. መብራት ሲሄድ እጃችሁ ወደ ማጥፊያው ይሂድ

ሽሮው ተጥዷል፣ መብራት ሄደ። "እስኪመጣ" ብላችሁ ሱቅ ወጣችሁ፤ ጨዋታ ያዛችሁ። መብራቱ መጣ፤ እናንተ የላችሁም። መብራት እንደሄደ ምድጃ፣ ምጣድና ካውያ ይነቀሉ። አንድ አምፖል ብቻ ክፍት ይሁን፣ መምጣቱን እንዲነግራችሁ። ሲመጣም አንዳንዴ ቮልቴጁ ይዘላልና ፍሪጁን ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ስኩት።

6. ከተነሳስ?

ብሬከር አውርዱ። ኤሌክትሪክ ባለበት ውሃ አይደፋም። እሳቱ ገና ትንሽ ከሆነ የዱቄት ወይም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያ ይሠራል። እሱ ከሌለ አሸዋ፤ ግንባታ በማያልቅበት በእኛ ሰፈር በር ላይ አሸዋ አይጠፋም። እሳቱ ኮርኒስ ከነካ ግን ተዉት። ሰው ይዛችሁ ውጡ፣ በሩን ዝጉ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከሆናችሁ 939 ደውሉ። ፖል ላይ ወይም ከፖል በሚመጣው መስመር ላይ ብልጭታ ካያችሁ ከሥሩ ራቁና ለመብራት ኃይል 905 ላይ ንገሩ።

ስትደውሉ የምትጠየቁት "የት ነው?" ተብላችሁ ነው። የቤት ቁጥር በሌለው ሰፈር ይሄ ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ በድንጋጤ ሰዓት ደግሞ የራስ ሰፈር ስም ይጠፋል። ማዘር መላ አበጁለት። በብሬከር ሳጥኑ ክዳን ላይ በማርከር፣ በትልልቁ አስጻፉ፦ "939። ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ሁለተኛው ቅያስ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር።"