ለሆስፒታል አፕ ልትሠሩ ነው? መጀመሪያ ፕላስተሩን እዩ

የመጀመሪያውን የሆስፒታል አፔን የሠራሁት ቢሮ ቁጭ ብዬ፣ ማኪያቶ እየጠጣሁ ነው። አሥራ ሦስት ገጽ ነበረው። ያምር ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ስሄድ ታብሌቶቹ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። "እንዳይሰበሩ ብለን ነው" አለችኝ ሲስተሯ። ለኔ አዝና እንጂ እንደማይረባ ታውቃለች። ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

ኮድ ሳትጽፉ ዋርድ ውስጥ ተቀመጡ። የትብብር ደብዳቤ ያዙ፤ ያለሱ ጥበቃው በር ላይ ያስቀራችኋል፤ ቢያስቀራችሁም ልክ ነው። የታካሚ ፊትና ካርድ ፎቶ አታንሱ። ነጭ ጋወንም አትልበሱ። እኔ ለብሼ አንድ አባት "ዶክተር፣ እባክዎ ልጄን ይዩልኝ" ብለው እጄን ያዙኝ። "እኔ የኮምፒውተር ሰው ነኝ" ማለት እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም።

ቀን ብቻ ሄዳችሁ እንዳትመለሱ። አንድ ሌሊት እደሩ። እኔ ዓይኔ የተገለጠው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። ተረኛዋ ሲስተር ግፊት እየለካች ነበር። ጓንት አድርጋለች፤ ቻርቱ፣ ማለት የታካሚው መከታተያ ወረቀት፣ ያለው ወዲያ ጠረጴዛው ላይ ነው። ትንሽ ፕላስተር ቀደደችና ጭኗ ላይ ለጠፈችው። "4 — 130/90" ብላ ጻፈችበት። አራት የአልጋው ቁጥር ነው። ቀጣዩን አልጋ ከሥሩ፣ ሌላውን ከዚያ ሥር። ስትጨርስ ተቀምጣ ወደ ቻርቱ ገለበጠችው። ከቻርቱ ደግሞ ወደ መዝገቡ። ለካ የኔ አፕ አራተኛ ቅጂ ነበር!

አዲሱን ንድፍ ከዚያች ፕላስተር ነው የቀዳሁት። የአልጋ ቁጥር፣ ግፊት፣ የልብ ምት፣ ሙቀት። በቃ። በጓንት የሚነኩ ትልልቅ ቁጥሮች። ታብሌቱም ከጠረጴዛ ወርዶ ትሮሊው ላይ ታሰረ። እናንተም ሰው እጁ ላይ፣ ግድግዳ ላይ፣ የመድኃኒት ካርቶን ላይ ምን እንደሚጽፍ እዩ። ማንም ሳያዘው የጻፈው ስለሆነ እውነተኛ ፍላጎቱ እዚያ ነው ያለው።

ቀጥሎ የዋርዱን ኃላፊ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይሄ ሥራ ሲጀምር የትኛው ወረቀት ይቀራል? መልሱ "የትኛውም አይቀርም" ከሆነ አትጀምሩ። መዝገብ ማስቀረት የፕሮግራመር ሥልጣን አይደለምና ከአስተዳደሩ ጋር አስቀድማችሁ ጨርሱ።

አሁን ወደ ዋናው መከራ፣ ወደ ይሉኝታ ልምጣ። "እንዴት ነው፣ ወደዳችሁት?" ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ "በጣም አሪፍ ነው" ነው። ሁሌም። ኃላፊዋ ካለች ደግሞ ጭራሽ ምስጋና ይዘንባል። ስለዚህ አትጠይቁ፤ ሥራ ስጡና እዩ። "አልጋ 7 ላይ ያሉት እናት ሙቀታቸው 38.5 ነው፤ መዝግቢልኝ" በሉና አፋችሁን ያዙ። ጣቷ የት ጋ ቆመ? የቱን ነክታ ተመለሰች? እኔ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ የተሣለ ስክሪን ነው የማሳየው። የለፋሁበት ስለማይመስል ሰው ለመተቸት አያፍርም። ሁለት ዓይነት ሥላችሁ "የቱ ይሻላል?" ብትሉ ደግሞ አንዱን መጣል ግድ ይሆናል። የቀረውን ሐሜት ቡና ላይ ትሰሙታላችሁ።

ከውጭ የመጣ ሲስተም የምታስተካክሉ ከሆነ ሦስት ቦታ ላይ ዓይናችሁን ጣሉ።

ዘመን። እናት "በ2010 ነው የተወለደው" አሉ። ሲስተሙ በፈረንጅ ቆጠራ ወሰደው። የሰባት ዓመቱ ልጅ አሥራ አምስት ሞላውና ወደ አዋቂዎች ክፍል ተላከ። የቀን መምረጫው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን፤ ልወጣውን ማሽኑ ከጀርባ ይሥራ። ጳጉሜን ላይ ቀጠሮ ሰጥታችሁም ሞክሩት፤ ብዙው እዚያ ይወድቃል።

ሰዓት። "6 ሰዓት" ለኛ እኩለ ቀን ነው፤ ለማሽኑ ገና ማለዳ። "በ6 ሰዓት" እና "በየ6 ሰዓቱ" ደግሞ በተጨናነቀ ስክሪን ላይ ይምታታሉ። እኔ ቁጥሩ ብቻውን እንዲቆም አልፈቅድም፤ ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ ወይም ሌሊት የሚል አብሮት አለ።

ስም። ካርድ ክፍል "ሐና" ብሎ የመዘገባትን ተረኛው "ሀና" ብሎ ይፈልጋታል። የለችም! አዲስ ካርድ ይወጣላታል፤ የአለርጂዋ ማስታወሻ አሮጌው ላይ ቀረ። ፍለጋው ሀን፣ ሐን እና ኀን እንደ አንድ ይቁጠር። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚሁ። ስሟ የተጻፈበት ፊደል ግን ሳይነካ ይቀመጥ። "የቤተሰብ ስም" የሚለውን ሣጥን አውጥታችሁ የአባትና የአያት ስም አስገቡ።

መብራትና ኔትወርክ ይጠፋሉ፤ መረጃው ታብሌቱ ላይ ይቆይና በኋላ ይላክ። ይሄን የማያውቅ የለም፤ አልፈዋለሁ።

ሥራው ሲያምር ሁሉም "ይቺንም ጨምርልኝ" ይላል። ያኔ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣውን የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ቼክሊስት አሳዩአቸው። 19 ነጥብ፣ አንድ ገጽ። በስምንት ከተሞች በስምንት ሆስፒታሎች ሲሞከር ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሞቱት ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወርደዋል። ከቅጹ ግርጌ እንደየአካባቢው አሠራር ማሻሻል እንደሚበረታታ ተጽፏል። ስለዚህ መጨመርን አልከለክልም፤ ግን ለሚጨመር አንድ ሣጥን አንድ የሚወጣ ሣጥን አስመርጣለሁ። ጥያቄው ወዲያው ይቀንሳል።

ከተጀመረ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሳትናገሩ፣ ማታ ተመለሱ። የኮምፒውተሩ ጠርዝ ላይ የይለፍ ቃል ተለጥፎ ካገኛችሁ አትቆጡ። በየአሥር ደቂቃው የሚያስወጣ ሲስተም የሠራችሁት እናንተ ናችሁ። እኔ ባለፈው ስሄድ የይለፍ ቃሉ በምን ተለጥፎ እንዳገኘሁት ገምቱ። በፕላስተር።